የ22 ደቂቃዋ መንገድ

እናቴ የምትኖርበት ከተማ እኔ ካለሁበት በአየር 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሁለቱም ከተሞች ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። አንድ መንደርደሪያ፣ አንድ የመንገደኞች አዳራሽ፣ ሻንጣ የሚወርድበት አንድ ጥግ፤ በቃ። ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ታማ መመላለስ ስጀምር መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው። ስልኬን አውጥቼ የሁለቱን ማረፊያዎች ስም ጻፍኩና በመካከላቸው ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ ፈለግሁ። አንዱ 22 ደቂቃ ነው አለኝ። ሌላው 52 ደቂቃ አለ። የቆረጥኩት ትኬት ደግሞ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይላል። በርቀቱ ላይ ግን አንዳቸውም አልተለያዩም፤ ሁሉም ጋ 300 ኪሎ ሜትር ነው።

ለእናቴ የነገርኳት 22ቱን ነው። ቅርብ እንደሆንኩ እንዲሰማት ስለፈለግሁ ነው። «እማዬ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ እኮ ናት፤ አውሮፕላኑ ተነሣ ማለት ደረስኩ ማለት ነው» አልኳት። እሷም አመነችኝ። እናቴ የተነገራትን ቁጥር በጣቷ ቆጥራ የምትይዝ ሰው ናት። ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ጠይቃኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ደምራ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ያለማንም አጃቢ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መጣች። ያን ቀን አውሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ተነሣ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ከአዳራሹ ስወጣ እናቴ አጥሩ ሥር፣ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ፣ ጥላ በሌለበት ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል። አላማረረችም። «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ? ሃያ ሁለት ደቂቃ አላልከኝም?» ብቻ ነው ያለችው።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ደብተር ይዤ መጓዝ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ያጣራሁት 22 ደቂቃ ከየት እንደመጣች ነው። ነገሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። 300ን ለ800 ማካፈል ነው። 800 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትልልቆቹ ጄቶች ከፍታቸውን ይዘው ሲበሩ የሚሄዱበት ፍጥነት ነው። ሲካፈል 22 ደቂቃ ተኩል ይመጣል። ይህ ጊዜ እውነት የሚሆነው በሙሉ ፍጥነቱ እየበረረ በአንዱ ማረፊያ አናት ላይ አልፎ፣ በሌላውም አናት ላይ ሳያርፍ ለሚያልፍ አውሮፕላን ነው። ያ አውሮፕላን ከመሬት አልተነሣም፣ መሬትም አልነካም። እኔን ሊያሳፍረኝ አይችልም፤ እናቴ ጋ ሊያወርደኝም አይችልም። 52 ያለው ደግሞ በዚያው ላይ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት የደመረ ነው። ይኸኛው ይሻላል። ግን ግማሽ ሰዓቱ ለየትኛውም ማረፊያ፣ ለየትኛውም አውሮፕላን፣ ለየትኛውም የአየር ጠባይ አንድ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ርቀቱን ራሱን ጠረጠርኩት። 300 ኪሎ ሜትር የተለካው ከምን እስከ ምን ነው? እያንዳንዱ ማረፊያ በኬክሮስና በኬንትሮስ የተመዘገበ አንድ መለያ ነጥብ አለው። ስሌቱ ሁለቱን ነጥቦች ወስዶ በምድር ገጽ ላይ ያለውን አጭር መንገድ ያወጣል። ምድርን ድቡልቡል ኳስ አድርጎ የሚያሰላው ዘዴ አማካይ ራዲየሷን 6,371 ኪሎ ሜትር ብሎ ይነሣል። ምድር ግን ወገቧ ላይ ትንሽ ትሰፋለች፤ በምድር ወገብ በኩል ራዲየሷ 6,378፣ በዋልታዎቹ በኩል 6,357 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ባለመቁጠር የሚመጣው ስህተት ቢበዛ ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። በእኔ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው፤ የአንድ መንደርደሪያ ርዝመት እንኳ አይሞላም።

የምድር መጉበጥም እንደዚሁ ነው። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከእኔ ማረፊያ እስከ እናቴ ማረፊያ ምድርን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ዋሻ ቢቆፈር፣ መሀሉ ላይ 1 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይኖረዋል። የሚያሳጥረው መንገድ ግን 28 ሜትር ብቻ ነው። አውሮፕላኑ 6 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በመብረሩ የሚጨምርበት መንገድ ደግሞ 280 ሜትር አይሞላም፤ ቢበዛ እዚያው ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ ያስደሰቱኝ ናቸው፣ ለእናቴ ጥያቄ ግን መልስ አልሆኑም። ጊዜውን የበላው ርቀቱ አይደለም።

መልሱን ያገኘሁት በአየር ላይ ነው፤ ያውም እንዲህ ይሆናል ብዬ ባልጠበቅሁበት ቀን።

አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ጉዞዬ ይመስለኛል። የምንበርበት ዳሽ 8-400 ነው። ክንፉ ከአናቱ በላይ የሆነ፣ ሁለት ፕሮፔለር ያለው፣ ጎማዎቹ ከሞተሮቹ ሥር የሚዘረጉ አውሮፕላን። መካከል አካባቢ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ጎማው ሲወርድም ሲታጠፍም ያየዋል። አጠገቤ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ደብተሬን አውጥቼ ሰዓት ስጽፍ አዩኝና፣ «ምን እየመዘገብክ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ የእናቴንም ነገር አልደበቅኋቸውም። ለረጅም ዘመን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ኖረዋል። ደብተሬን ተቀብለው አዩትና፣ «የምትጽፈው ሁለት ሰዓት ነው፤ መጻፍ ያለብህ አራት ነው» አሉኝ።

አራቱን አንድ በአንድ ነገሩኝ። የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ታኮው ከጎማው ሥር ወጥቶ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው። ሁለተኛው ጎማው ከመሬት የሚላቀቅበት። ሦስተኛው ጎማው መሬት የሚነካበት። አራተኛው አውሮፕላኑ ቦታው ላይ ቆሞ ታኮ የሚገባለት። በሙያው ያሉ ሰዎች በእንግሊዝኛው አውት፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ኢን ይሏቸዋል። ድሮ አብራሪዎቹ በእጃቸው ይጽፉት ወይም በሬዲዮ ይናገሩት ነበር፤ ከ1978 ጀምሮ ግን ኤካርስ የሚባለው ሥርዓት መጣና የበር፣ የፍሬንና የጎማ መቆጣጠሪያዎች ራሳቸው እየመዘገቡ ወደ መሬት ይልኩት ጀመር። ትኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ያለው ነው፤ ከታኮ እስከ ታኮ። ሰው «በረራ» ሲል በአእምሮው የሚመጣለት ግን ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ያለው ነው። «እናትህ ደግሞ» አሉኝ አዛውንቱ፣ «አምስተኛ አላት። አንተን የምታይበት።»

ይህን እያወራን ሳለ ፀሐይዋ ከግራ መስኮት ወደ ቀኝ መስኮት ተሻገረች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰች። ታች ነጭ ደመና ብቻ ነው። አስተናጋጇ ምንም አላለችም። እኔ ፈራሁ። አዛውንቱ የእጅ ሰዓታቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። «ቁጠር» አሉኝ። አውሮፕላኑ ዘንበል ብሎ መዞር ጀመረ፤ አንድ ደቂቃ። ቀና ብሎ ቀጥ አለ፤ አንድ ደቂቃ። እንደገና ዘንበል፤ አንድ ደቂቃ። እንደገና ቀጥ፤ አንድ ደቂቃ። «ይሄ አንድ ዙር ነው። አራት ደቂቃ ገደማ። ወረፋ እየጠበቅን ነው፤ አትጨነቅ» አሉኝ። በሴኮንድ ሦስት ዲግሪ መዞር የተለመደው ልክ ነው፤ ግማሽ ክብ 180 ዲግሪ ስለሆነ በትክክል 60 ሴኮንድ ይወስዳል። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ዞርን። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ልቤ ረጋ፤ የሚቆጠር ነገር ያን ያህል አያስፈራም።

ለምን እንደምንጠብቅም ነገሩኝ፤ ይህ ስለ ትንንሽ ማረፊያዎች ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ትልልቆቹ ማረፊያዎች ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ መንገድ አላቸው። ያረፈ አውሮፕላን ወዲያው ወደ እሱ ይወጣል፣ ቀጣዩ ያርፋል። ብዙዎቹ ትንንሽ ማረፊያዎች ግን ይህ መንገድ የላቸውም። አውሮፕላኑ አርፎ መንደርደሪያው መጨረሻ ድረስ ይሄድና እዚያ ዞሮ፣ ያንኑ መንደርደሪያ ይዞ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ለመነሣትም እንዲሁ፤ መጀመሪያ መንደርደሪያውን በዝግታ እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ነው የሚንደረደረው። ያ ሁሉ እስኪሆን ሌላ ማንም አያርፍም፤ ማንም አይነሣም። ራዳር በሌለበት ቦታ ደግሞ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኖቹን በማያ ላይ አያያቸውም። አብራሪዎቹ በሬዲዮ የሚነግሩትን ቦታና ሰዓት እየጻፈ፣ በከፍታና በደቂቃ እየለየ ነው የሚያሳልፋቸው። ጥንቃቄው ልክ ነው። ነገር ግን ሁለት አውሮፕላን ብቻ ያለበት ሰማይም ወረፋ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። እኛ ያን ቀን የጠበቅነው አንድ ሌላ አውሮፕላን ዞሮ መንደርደሪያውን እስኪለቅና በማረፊያው አናት ላይ ያለው የዝናብ ደመና ፈቀቅ እስኪል ነበር።

ስወርድ እናቴ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ልክ አልነበረም። «ድምፁን ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «መጣ ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ ድምፁ ሄደ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ሄደ።» እኔ ላይ ሆኜ ዙሩን በደቂቃ ስቆጥር፣ እሷ ታች ሆና ያንኑ ዙር በጆሮዋ ትቆጥረው ኖሯል። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ነበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራቱንም ሰዓት እጽፋለሁ። አሁን ደብተሩ ውስጥ የሠላሳ ስምንት በረራ መዝገብ አለ። በአየር ላይ የቆየንበት አጭሩ ጊዜ 36 ደቂቃ ነው፤ ረጅሙ ያ ሦስት ጊዜ የዞርንበት ቀን፣ 58 ደቂቃ። አብዛኛው 41 አካባቢ ነው። ከመነሣት በፊት መሬት ላይ አሥር ደቂቃ፣ ካረፍን በኋላ አምስት። ሲደመር 56 ደቂቃ። ትኬቱ 65 ይላል።

ደብተሬን ሳገላብጥ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አጭር በረራ የረጅም በረራ ቁራጭ አለመሆኑ ነው። መንገዱ በግማሽ ሲያጥር ጊዜው በግማሽ አያጥርም። መሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ለ300 ኪሎ ሜትርም ለ3,000 ኪሎ ሜትርም ያው ነው። መውጣትና መውረድም ቢሆን የራሱን ድርሻ ሳይወስድ አይለቅም። አብራሪዎች ለመውረድ የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ ሦስት የባሕር ማይል። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ከማረፊያው በላይ 20,000 ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን እንግዲህ ቁልቁል መውረድ የሚጀምረው 60 የባሕር ማይል፣ ማለትም 111 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው። ከእኔ መንገድ ከሲሶው በላይ ቁልቁለት ነው። ሽቅብ የሚወጣበትም ጥቂት አይደለም። ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ አግድም የሚሄድበት ከግማሽ በታች ይቀራል። ከዚያም ሌላ፣ በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት በላይ መብረር አይፈቀድም፤ በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጎለብት ታችኛው ሰማይ ላይ ይታገሣል።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ሰው፣ «ጄት ቢመደብላችሁ እኮ እንዴት በፈጠናችሁ» ብሎኝ ነበር። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። አግድም የምንሄድበት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንበል። በሰዓት 600 ለሚሄደው ፕሮፔለር ይህ 11 ደቂቃ ተኩል ነው። በሰዓት 800 ለሚሄደው ጄት 8 ደቂቃ ተኩል። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ነው። ለሦስት ደቂቃ ሲባል የሚቃጠለው ነዳጅ እጅግ ይበዛል። ፕሮፔለሩ ያረጀ ስለሆነ የተሰጠን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ላለ መንገድ የተሠራው ግን እሱ ነው፤ ስሳፈርበት ደስ ይለኛል።

ከዚህ ሁሉ እጅግ አጭሩን ካየን ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ውስጥ ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ሁለት ደሴቶች አሉ። ከ1967 ጀምሮ በመካከላቸው መደበኛ በረራ አለ። ርቀቱ 2 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ነው። የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ረጅሙ መንደርደሪያ 4,877 ሜትር ስለሆነ፣ ይህ በረራ ከነመነሻው ከነመድረሻው እዚያ መንደርደሪያ ላይ ይገባል። በሰሌዳው ላይ የተመደበለት 2 ደቂቃ ነው፤ ነፋሱ ሲመች በ53 ሴኮንድ የተጠናቀቀበት ጊዜ አለ። እንግዲህ 2 ነጥብ 7ን ለ2 ደቂቃ ብናካፍል በሰዓት 81 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የመኪና ፍጥነት። ትንሿን አውሮፕላን ዘገምተኛ ናት ማለት አይደለም። መንገዷ መነሣትና ማረፍ ብቻ ነው፤ መሀል የላትም።

ነፋስን ረስቼ አይደለም። እንዲያውም በደብተሬ ውስጥ ልዩ ምልክት የማደርግለት እሱ ነው። በሄድኩበትና በተመለስኩበት መካከል ያለው ልዩነት መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ በዚያው አውሮፕላን፣ በዚያው መንገድ፣ ስሄድ የሚረዝመው ስመለስ ያጥራል። በቀላል ቁጥር ልንገራችሁ። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 300 ኪሎ ሜትሩን ነፋስ በሌለበት በ30 ደቂቃ ይጨርሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሆነ ነፋስ ከፊቱ ሲገጥመው ከመሬት አንጻር 500 ይሆናል፤ 36 ደቂቃ። ያው ነፋስ ከኋላው ሲገፋው 700 ይሆናል፤ 26 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሰው ሁለቱ የሚካካሱ ይመስለዋል፤ መሄድ የወሰደውን መመለስ የሚከፍል። አይከፍልም። ደርሶ መልሱ 60 ሳይሆን 62 ደቂቃ ገደማ ነው። ከፊት የሚመጣው ነፋስ የሚቃወመን ለ36 ደቂቃ ነው፤ ከኋላ የሚገፋን ግን ለ26 ብቻ። ነፋስ ባለበት ቀን ሁሉ ደርሶ መልስ ይረዝማል።

መነሻው ላይም ነፋሱ አዛዥ ነው። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። መንደርደሪያ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ለዚህ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያየው 09፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው 27 ይባላል፤ የኮምፓሱን ዲግሪ ለአሥር ማካፈል ነው። እናቴ በምሥራቅ በኩል ሆና ነፋሱ ከምዕራብ ሲመጣ፣ አውሮፕላናችን መጀመሪያ ከእሷ እየራቀ ይነሣል፤ ከዚያ ተጠማዝዞ ይመለሳል። በደብተሬ ጎን ላይ «ጀርባ ሰጥተን ተነሣን» ብዬ የጻፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ሦስት አራት ደቂቃ ይጨምራሉ።

ትኬቱ ላይ ያሉት ትርፍ ዘጠኝ ደቂቃዎች ደግሞ እንደ ማታለል ይሰሙኝ ነበር። አየር መንገዶች ሰሌዳቸውን ሰፋ አድርገው እንደሚያወጡ የታወቀ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ አንድ በረራ በሰዓቱ ደረሰ ተብሎ የሚቆጠረው ከሰሌዳው 15 ደቂቃ ሳይሞላ ከደረሰ ነው፤ ሰሌዳውን በማስፋት ያ ቁጥር ያምራል። ይሄ የሚነቀፍ ጎን አለው። ነገር ግን አጥሩ ሥር የተቀመጠችውን እናቴን ሳስብ ሐሳቤን ቀየርኩ። ቀድሞ መድረስ ማንንም አያስጨንቅም። እኔ ራሴ 22 ከምላት ይልቅ 65 ብላት ኖሮ፣ ያን ቀን ፀሐይ ላይ የምትቀመጠው ከነበረው በብዙ ባነሰ ነበር።

አሁን ከእናቴ ጋር አንድ አሠራር አለን። የመነሻ ሰዓት አልነግራትም፤ የበረራ ጊዜም አልነግራትም። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስልኬን ከመዝጋቴ በፊት፣ «በሩ ተዘጋ» ብዬ እጽፍላታለሁ። ሁለት ቃል። እሷ ከዚያች ደቂቃ ጀምራ አንድ ሰዓት ትቆጥራለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቤቷ አትወጣም። ቤቷ ለማረፊያው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሷ ስትደርስ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እየወጣሁ ነው። መዘግየቱ፣ የመሳፈሪያው ወረፋ፣ የጠፋው መንገደኛ፣ ሁሉም ከበሩ መዘጋት በፊት ስለሚያልቅ እሷን አይነካትም። ነፋስና ዙር ብቻ ይቀራል፤ እሱንም አንድ ሰዓቱ ችሎ ይይዘዋል። አዛውንቱ አምስተኛ ሰዓት ያሉትን ነው ለመጠበቅ የምሞክረው።

ከሁለት ወር በፊት ነገሩ ተገለበጠ። ሐኪሞቹ እኔ ወዳለሁበት እንድትመጣ አሉና ሄጄ አመጣኋት። በሕይወቷ የመጀመሪያ በረራዋ ነው። ጎማው የሚታይበት መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። ቀበቶዋን አሰርኩላትና ደብተሩንና እስክሪብቶውን ሰጠኋት። «እማዬ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ መዝጋቢዋ» አልኳት። አራቱን ሰዓት እንዴት እንደምትጽፍ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። መነጽሯን አወጣች።

ከቆምንበት ስንንቀሳቀስ የመጀመሪያውን ጻፈች፤ ትልልቅ በሆነው፣ መስመሩን በሚሞላው ጽሕፈቷ። መንደርደሪያውን በዝግታ እስከ ጫፉ ሄድን፣ ዞርን፣ ሞተሩ ጮኸ። እጄን ያዘችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ እሷን እንጂ ሰዓቱን አላየሁም። ጎማው ሲታጠፍ ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀስራ አሳየችኝ። ደመና ውስጥ ስንገባ ጸለየች። ስንወጣ ደግሞ ዝም አለች።

ስናርፍ ጎማው መሬቱን ነካና ትንሽ ጭስ ብልጭ አለ። «ደረስን?» አለችኝ። «ሦስተኛው ነው እማዬ፤ ጻፊው» አልኳት። ጻፈች። ዞረን ወደ አዳራሹ ስንመለስ ዓይኗን ከጎማው ላይ አላነሣችም። ቆምን። ፕሮፔለሩ እየዘገመ ቆመ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ ሁለት ታኮ ይዞ መጣና ተንበርክኮ አንዱን ከጎማው ፊት፣ አንዱን ከጎማው ኋላ አስገባ። «አሁን?» አለችኝ እናቴ። «አሁን» አልኳት።

ማታ ቤት ገብተን ከተኛች በኋላ ደብተሩን ገለጥኩ። አንደኛው ሰዓት አለ፣ ሦስተኛው አለ፣ አራተኛው አለ። የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ጠዋት ጠየቅኋት።

«ውጭ ውጭውን እያየሁ ነበር» አለችኝ።